የማይገጥም ቁስል

የማጽኛው መርፌ የፊት ቆዳ እንዳይጨማደድ አደረገ፤ ቁስል እንዳይገጥምም አደረገ። የሕዋስን ቅርጽ የሚይዘውን የፕሮቲን ማገር ያደርቀዋል፤ ማገሩ የደረቀ ሕዋስ ደግሞ ተንቀሳቅሶ የተቆረጠውን ቦታ መሸፈን አይችልም። ሶልያና ይህን በዩኒቨርሲቲ ተምራዋለች። እጮኛዋ ናሁሰናይም አብሯት ተምሯል፤ የሚያበሽቃትም ይኸው ነው።

እናቱ እትዬ አልጣሽ ስልሳን አልፈው የሠላሳ ዓመት ሴት ይመስላሉ። ምሳ ላይ የጎማ ጓንት ባጠለቀ እጃቸው ጠቅልለው አጎረሷት። ጉርሻው ጎማ ጎማ አላት። ከጓንቱ ሥር፣ ለፋሲካ ሽንኩርት ሲከትፉ የቆረጡት ጣታቸው እስከ ዛሬ አፉን እንደከፈተ ነው።

"ለሠርግሽ ብትወጊው ምን አለበት?" አሉ። "ሙሽራ ከአማቷ አርጅታ ስትታይ ሰው ምን ይላል?"

"እትዬ፣ ስወልድ የምቀደደውንስ በጓንት ልሸፍነው ነው?"

"ኧረ በምግብ ፊት!"

ናሁሰናይ ሳቀ። "አታካብጂው ሶሊ። ለነገ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ።"

"ሳትጠይቀኝ?"

"ብጠይቅሽ እሺ አትይማ።"

"አንተስ? አብረኸኝ ትወጋለህ?"

"እኔማ ኳስ እጫወታለሁ፤ ሁሌ እንደተጋጋጥኩ ነው።"

የተናገረው ለራሱም ዘግይቶ ተሰማውና ወደ ትሪው አቀረቀረ። እናቱ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ሶልያና ዘረጉ።

"ለልጅዎ ያጉርሱት፣" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ብድግ አለች። "የሠርጉንም ፎቶ ከእርስዎ ጋር ይነሣ፤ ሙሽራ ይመስላሉ።"

ወጣችና በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።