በረዶው ላይ የወደቁት ሰውዬ

«አባ! ሰው ወደቀ!»

«የት?»

«እዚያ... ድልድዩ ስር። ሽማግሌ ናቸው፣ ጀርባቸው ነው የሚታየኝ።»

ባርና በቅጡ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

«ቪራጌ፣ በረዶ ላይ ሰው ይወድቃል። እኔስ ቅድም ተንከባልዬ የለም እንዴ? ይነሳሉ።»

«አይነሱም እኮ!»

«የሚያነሳቸው አይጠፋም። ነይ፣ እጄን ያዢ!»

...

ቡዳፔስት ነው። እሁድ ከሰዓት።

ብርዱ ሲገባ ፓርኩ ውስጥ ባለው ሐይቅ ላይ የሚዘረጋው የበረዶ ሜዳ ጢም ብሏል።

አንዱ ሲወድቅ ሦስቱን ይዞ ነው የሚወድቀው። የመንሸራተቻ ጫማ ለመከራየት የቆሙበት ሰልፍ ብቻ እግር ያደርቃል።

ባርና ለልጁ ይህችን ቀን ቃል ከገባላት ቆይቷል። ግን ሥራ... አሁንም ሥራ... ደግሞ ሥራ።

ሚስቱ ኢልዲኮ «ልጅህ እኮ ከአንተ ይልቅ ፎቶህን ነው የምታውቀው» ስትለው ነው የባነነው።

ዛሬ ግን ምሏል። ዛሬን ማንም አያበላሽበትም።

ማንም ሲል... አባቱንም ጨምሮ ነው።

ጠዋት አባቱ ደውለው ነበር። አቶ ዴዦ ይባላሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

«ባርና፣ በረዶው ጋ ልትሄዱ ነው አሉ። እኔም ልምጣ እንዴ? ቪራግን ትንሽ ባያት...»

«አባዬ፣ ሰዉ አይጣል ነው! ገፍተው ቢጥሉዎትስ? ልጄን ልያዝ ወይስ እርስዎን?»

«ዳር ላይ ነው የምቆመው። አላስቸግርም።»

«አይ፣ ይቅርብዎት። ሌላ ቀን።»



«እሺ የኔ ልጅ... ሌላ ቀን» አሉና ስልኩን ዘጉ።

...

ባርናና ቤተሰቡ ሜዳውን ዞረው ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው አሁንም አልተነሱም።

ሰው ከቧቸዋል። አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል።

አንዲት ሴት በረዶው ላይ ተንበርክካ የራሷን ካፖርት አልብሳቸዋለች። ባርና ከሰዉ እግር መሃል ያየው ያንን ካፖርትና የጫማቸውን ጫፍ ብቻ ነው።

«ባርና፣ ቆም ብለን እንያቸው እንጂ» አለች ኢልዲኮ።

«ምን ልናደርግ? ሐኪም ነን? ጠጥተው ይሆናላ! ደግሞ በዚህ ዕድሜ ብቻቸውን የሚለቃቸው ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው?»

እንዲህ ብሎ የልጁን እጅ ይዞ አለፈ።

ቪራግ አንገቷ እስኪጠመዘዝ ወደ ኋላ እያየች ሄደች።

አምቡላንስ መጥቶ ፊሽካ ሲነፋና በረዶው ላይ ያለው ሁሉ ውጣ ሲባል ካጉረመረሙት አንዱ ባርና ነበር። «ኧረ ጊዜያችን አለቀ!»

ጫማቸውን መልሰው ትኩስ ላንጎሽ፣ ቺዝ የተነሰነሰበት የዘይት ቂጣ፣ ሊበሉ ቆሙ። ቺዙ ገና ሳይቀልጥ ስልኩ ጠራ።

«የአቶ ዴዦ ልጅ ነዎት?»

...

ሆስፒታል ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቋል።

ልባቸው ነው አሉት ሐኪሞቹ። ከበረዶው ሜዳ ነው የመጡት አሉት።

ያኔም አልገባውም። «ከየትኛው ሜዳ?» ብሎ ጠየቀ...

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ካፖርት የላትም። የሱሪዋ ጉልበት ረጥቧል።

ገና ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንተ ነህ ልጃቸው?»

«አዎ።»

«ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ይዘህ የነበርከው?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አሳዩኝ እኮ...»

ባርና ግድግዳውን ተደገፈ።

«ዳር ቆመው ሰዉ ሲጋርድባቸው ነው ወደ በረዶው የወጡት። እንደወደቁ ‹ቤተሰብ አለዎት ወይ?› አልኳቸው። በዓይናቸው ጠቆሙኝ። ‹ያ ልጄ ነው፤ ያቺ የልጅ ልጄ ናት› አሉኝ። ልጣራ ስል እጄን ጨብጠው ያዙኝ። ‹አትጥሪው፤ ልጅቷ ስትናፍቃት የከረመችው ቀን ናት። እኔም አይምጡ እያለኝ ነው የመጣሁት፣ ይቆጣኛል› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ዞራችሁ መጣችሁ። ‹አየሽ፣ ልጅቷን እንዴት አድርጎ እንደያዛት!› አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። ዝም ብዬ መጥራት ነበረብኝ። ይህን ለራሴም ይቅር አልለውም።»

ባርና ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ሳልፍ... የተናገርኩትን ሰሙ?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ረጠበው ጉልበቷ መለሰች። ቀና ብላም አላየችውም።

...

ይሄ ከሆነ ከርሟል።

ባርና ከሥራ ቶሎ መግባት ጀምሯል። እራት ላይ ይቀመጣል እንጂ አይበላም። ኢልዲኮም ስለዚያች እሁድ አንድ ቀን አንስታበት አታውቅም። ዝምታዋ ግን ከስድብ የባሰ ሆኖበታል።

ቪራግ አያቷ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ እንዳረፉ ነው የተነገራት።

አንዳንዴ ትጠይቀዋለች።

«አባ፣ እኚያ በረዶው ላይ የወደቁት ሰውዬ ዳኑ?»

«ዳኑ የኔ እናት።»

ከዚያ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ውሃውን ይከፍተዋል። ቶሎ አይወጣም...

...

ወገኖቼ፣ «እኔም ልምጣ?» የሚል አባት ወይም እናት ካላችሁ ዛሬውኑ ይምጡ በሏቸው። ያስቸግሩ። ያዘግዩአችሁ። «ሌላ ቀን» ያልነውን ቀን ማናችንም በእጃችን አልያዝነውም።

መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ስታዩ ደግሞ የማን እንደሆነ ሳትጠይቁ ጎንበስ በሉ። ልጅ እያየችው ያለፈ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፈው፦ ከወደቀው ሰው አጠገብ፣ ከልጁም ልብ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በባርና ቦታ ብትሆኑ፣ ለቪራግ እውነቱን ትነግሯት ነበር? ወይስ ይዛችሁት ትኖሩ ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።