የመኪናዋን ነዳጅ ማን ጠጣው?

«ቁልፉን ስጠኝ።»

አባት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር... ቀና አሉ።

«ዛሬ እኮ የእናትህ ቀን ነው፣ ልጄ።»

«በአውቶቡስ ውሰዳት። መኪናዬን ግን ከዛሬ ጀምሮ አትነካም።»

እናት ነጠላ ጫማቸውንና ብርድ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባቸው...

ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጁ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከአፉ ነጥቆ ቆጥቦ አንዲት ትንሽ ኤስዩቪ ገዛ። ሻጩ «ይቺ ነዳጅ ጠጥታ ሳይሆን አሽትታ ነው የምትሄደው» ብሎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ነዳጅ ሆነ። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ሳይናገር ምሳ አይበላም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ሊትሩ» የሚል ስም አወጡለት።

በእጥበት ቀን እሱ በሰርቪስ ይሄድና መኪናዋ ለእናት ትቀራለች። የሚነዱት አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድተው ነው ይህንን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቁት።

ታዲያ ከጥቂት ወራት ወዲህ ትንሿ መኪና ነዳጅ መጠጣት ጀመረች... ጢም ብላ ተሞልታ ብዙም ሳትቆይ ቢጫው መብራት ይበራል።

ጋራዥ ወሰዳት። «ምንም የላትም» አሉት።

መኪናዋ ምንም ከሌላት ሌባ አለ ማለት ነው። ሌባው ደግሞ ቁልፍ ከሚይዘው ሰው ሌላ ማን ሊሆን...

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። እማዬ እስክትጨርስ ሰው ትጭንበታለህ አይደል?»

«አልጭንም።»

«ታዲያ ቀድተህ ትሸጠዋለህ? የሹፌር አመል መቼ ይለቃል...»

«የሹፌር አመል» አለ።

ደብተር የገዛለትን፣ ጫማ ያደረገለትን ሥራ በአንድ ቃል አፈር አለበሰው። ይህን ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ እሱም ራሱን ይመርምር።

አባት አፋቸውን ከፈቱ... መልሰው ዘጉት። እናትን አዩ። መስኮቱን አዩ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እሺ፣ ልጄ» ብቻ አሉ።

ልጁ ዝምታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሽማግሌዎች አውቶቡስ ተጋፊ ሆኑ። እናት ከእጥበት ሲወጡ ጉልበታቸው አይጸናም። አባት በአንድ እጃቸው የአውቶቡሱን ብረት፣ በሌላው እሳቸውን ይዘው ይቆማሉ። አንድ ቀን እናት ፌርማታው ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

ያነሷቸው መንገደኞች «ልጅ የላችሁም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«አለን» አሉ አባት። «ሥራ ይበዛበታል።»

ሊትሩ ግን ደስ ብሎታል። ከእንግዲህ ነዳጁ ይበረክታል...

አልበረከተም። ጭራሽ ባሰባት።

ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም፣ ነዳጁ ግን ይወርዳል። ማደያ ሄዶ «እያጎደላችሁ ነው የምትቀዱልኝ» ብሎ ከቀጂዋ ጋር ተጣላ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ እየተብከነከነ ግቢ ገባ። እንደ ልማዱ መኪናዋን ከወላጆቹ መስኮት ሥር አቆማት። እንደ ልማዱ ሞተሩን አላጠፋም። ኤሲውን ለቀቀ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደመ፣ ስልኩን አወጣ...

ከጥቂት ወራት ወዲህ የየቀኑ ሥራው ይሄ ነው። ቤት ከገባ የመድኃኒት ሽታ አለ። የእናት ማቃሰት አለ። የአባት «እንዴት ዋልክ» አለ። እሱ ደግሞ ደክሞታል። «ትንሽ ልረፍ» ይልና ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ሲያይ ያመሻል።

ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። ቀና ሲል ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ። በሊትር የምትሄደውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ቁጥር...

መኪናዋ አንድ ጋት አልተንቀሳቀሰችም። ቁጥሩ ግን ቁልቁል ይወርዳል።

አየው። ደግሞ አየው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል ይሄ ነው።

ሞተሩን አጥፍቶ ገባ። እናት አልጋቸው ላይ ናቸው።

«እማዬ... ነዳጁን የምጨርሰው እኔው ነኝ። እዚሁ ደጅ ቆሜ።»

እናት አልደነገጡም።

«አባትህ ያውቃል።»

«ምን?»

«ሞተሩን እንሰማዋለን እኮ። አባትህ ድምፁን ሲሰማ ‹መጣ› ይልና ራትህን ያሞቃል። ትቆያለህ... ይቀዘቅዛል። ደግሞ ያሞቃል።»

«ታዲያ ሌባ ስለው ለምን አልነገረኝም?»

እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔማ ልንገረው ብዬ ነበር። እሱ ነው የከለከለኝ። ‹ተይው፣ ከእኛ የሚሸሸው እዚያች መኪና ውስጥ ነው። እንደምናውቅ ካወቀ አፍሮ ሌላ ቦታ ያመሻል። አሁን ቢያንስ ድምፁን እንሰማለን› አለኝ።»

ልጁ ወደ ኩሽና ሄደ። አባት ጀርባቸውን ሰጥተው ድስቱን ያማስላሉ።

ዞር ሳይሉ «ዛሬ ቶሎ ገባህ» አሉት።

ልጁ ቁልፉን አውጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ።

አባት ቁልፉን በጣታቸው ገፋ አድርገው መለሱለት።

«ነገ የእናትህ ቀን ነው። አንተ ንዳ... እኔ ከኋላ ሆኜ እይዛታለሁ።»

ቤተሰቦች... ወላጅ ዝም ሲል ጥፋቱን ያመነ አይምሰላችሁ። አንዳንዴ ዝም የሚለው እናንተ እንዳታፍሩ ብሎ ነው። ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት የራሳችሁን ሞተር አጥፉ።

እስቲ ንገሩኝ... ደጃፍ ደርሳችሁ ለመግባት የምትለግሙት ከማን ለመሸሽ ነው? ውስጥ ሆኖ ድምፃችሁን የሚጠብቀውስ ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ ግቡ።