ቻናል ሰባት፣ ኮድ አሥራ አንድ

«ማርላ… ማርላ… ትሰሚኛለሽ?»

ዝም።

የቆረጥኩት ጥድ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ተጋድሟል… እኔ በረዶው ላይ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ።

እኛ ያለንበት የሞንታና ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ወገቡ ላይ ፈቃድ የማይጠየቅባት ትንሽ ዎኪ ቶኪ አለችው። እኔ ጫካ እንጨት ስቆርጥ፣ ባለቤቴ ማርላ ቤት ስትሆን፣ የምናወራው በዚህችው የእጅ ሬዲዮ ነው።

ያን ቀን ግን የማርላ ሬዲዮ ባትሪው አልቆ ኖሯል… እሷም ልብ አላለችም።

«ማርላ… አሮጌው ድልድይ ጋ ነኝ… ግንድ ወድቆብኛል… እባክሽ…»

አሁንም ዝም።

ሃያ ደቂቃ ሙሉ ለመንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ… አለቀስኩ። በቃ፣ እዚሁ ደርቄ ልቀር ነው አልኩ።

ከዚያ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ።

ጎረቤታችን ሚስተር ሃስኬት ነበሩ… የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ። ግንዱን በሰንሰለት አስረው ከላዬ ጎትተው አነሡልኝ። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱኝ።

«መጣሁልህ፣ አትንቀሳቀስ እያልኩ ስለፈልፍ ነበር እኮ… ለምን አልመለስክልኝም?» አሉኝ።

«ምንም አልሰማሁም… ግን እርስዎ እንዴት ሰሙኝ? እኛ እኮ ኮድ አስገብተናል።»

ስለ ኮዱ ልንገራችሁ።

ሚስተር ሃስኬት ባለቤታቸው ኢርማ ካረፉ ወዲህ፣ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ከፍተው «ደህና አደራችሁ ወይ?» እያሉ ሸለቆውን ቤት በቤት ይጠሩ ነበር። እኔና ማርላ ሰለቸን። ሸለቆው ሁሉ በሚያወራበት ቻናል ሰባት ላይ ኮድ አሥራ አንድን አስገባን፤ ኮዱ የሌለውን ጥሪ ሬዲዮው አያሰማም… ድምፃቸው ጠፋልን። የእኛም ወሬ ለእኛ ብቻ ሆነ ብለን ተደሰትን።

ሽማግሌው ሬዲዮዬን ከበረዶው ላይ አንሥተው አዩት።

«ልጄ… ኮዱ የሚዘጋው ያንተን ጆሮ ነው። የእኛን አይደለም።»



የሁለት ዓመት ወሬያችን አንድ በአንድ ትዝ አለኝ…

«ያ ለፍላፊ ሽማግሌ ዛሬም መንገድ ላይ ይዞኝ ዋለ…»

«የጫካ እንጆሪ ማርማላታ አመጣ አልሽ? እጁን ታጥቦ መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ለዶሮዎቹ ስጫቸው…»

አንድ ቀን ደግሞ «ሚስቱ የሞተችው ወሬው ሰልችቷት ነው» ብዬ ስቄያለሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ዛሬም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«ሁሉንም… ሰምተዋል?»

ሰንሰለታቸውን ጠቅልለው ጨረሱ። ከዚያ…

«ዶሮዎቹ ወደዱት?» አሉኝ።

ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

«ታዲያ ለምን አልዘጉትም?»

«ስለ ኢርማ የተናገርክ ዕለት ዘግቼው ነበር። ሁለት ቀን ዘጋሁት። ሌላው ጎረቤት ወሬያችሁን ጠልቶ ወደ ቻናል ዘጠኝ ከሄደ ቆይቷል… እኔም ከተውኩት ሰባት ላይ የሚቀር ሰው የለም። አንድ ቀን ክፉ ቢገጥማችሁ ማን ይሰማችኋል ብዬ መልሼ ከፈትኩት።»

በማግስቱ እግሬ ታስሮ አልጋ ላይ ሆኜ ኮዱን አጠፋሁት። ማርላ አጠገቤ ተቀምጣለች።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ያ የሻከረ ድምፅ መጣ። ቻናል ሰባት ላይ የጠሩት አንድ ቤት ብቻ ነበር… የእኛን።

«እንደምን አደራችሁ… ደህና ናችሁ?»

ለካ ከዚያች ሁለት ቀን በቀር ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጠርተውናል። መልስ የሰጣቸው ግን አልነበረም።

ማርላ ሬዲዮውን ከእጄ ወሰደች… «ደህና ነን፣ ሚስተር ሃስኬት። ይቅር ይበሉን» አለች።

«እንግዲያው ማርማላታውን ይዤ ልምጣ፤ እጄን ታጥቤያለሁ» አሉ።

ወገኖቼ… አንዳንዱን ሰው ሰለቸኝ ብለን ስንዘጋው የምንደፍነው የራሳችንን ጆሮ ነው። እሱ ግን ስንናገርበት እየሰማ፣ ስንቸገር ይደርስልናል።

እናንተስ… ድምፁ ሰልችቷችሁ የዘጋችሁት፣ ግን ዛሬም «ደህና ናችሁ?» የሚላችሁ ሰው ማን ነው? እስኪ መጀመሪያ መልሱለት… ከዚያ ምን እንዳላችሁ እዚህ ከታች አጫውቱን።