የአማቴ ድምፅ ያለበት ሳጥን

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ!

የቤታችን የኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ ሳጥን ተቃጠለና የሟች አማቴ የተቀዳ ድምፅ አብሮ ጠፋ። ለሚስቴ ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። «ሌላ ቅጂ አስቀምጥ ብዬህ አልነበር?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

መቼም ዕቃ በመምረጥ የሚስተካከለኝ አልተወለደም። ሱቅ ገብቼ ከመቶ ሳጥን መሃል ምርጡን በዓይኔ ብቻ ለየሁት። ሻጩ፣ ያ መነጽሩ ከፊቱ የሚሰፋ ከንቱ፣ «ጋሼ፣ አንዴ ይስሙኝ፤ ይሄ እኮ...» ማለት ሲጀምር፣ «አንተ ሳትወለድ ስንቱን ኮምፒውተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ!» ብዬ ሳጥኑን አቅፌ ወጣሁ። እሱ ነው እኔን የሚያስተምር!

ቤት ደርሼ ሰካሁት። አረንጓዴ መብራት በራ፤ ወዲያው ከድምፅ ማጉያው የአማቴ ድምፅ መጣ።

«የኔ ዓለም፣ ምሳ በላሽ?»

የሚስቴ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ከተቃጠለው እንዴት አወጣኸው?»

«እኔ ነኛ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «ከእሳት መንጭቄ አመጣኋቸው።»

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ሻጩ ነው፤ ቁጥሬን ከደረሰኙ ላይ አይቶ ጭራሽ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል!

«ጋሼ፣ ልነግርዎት የፈለግኩት እኮ ሳጥኑ ባዶ ቀፎ መሆኑን ነው። ፋይሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ለብቻው ነው የሚገዛው። ያለ ዲስክ ምንም አይሠራም።»

«ቀጣፊ!» ብዬ የሳጥኑን መዝጊያ ከፈትኩት። እጄ እስከ አንጓዬ ገባ፤ የነካው ነገር የለም።

«እንዳታምኚው ልጄ» አሉ አማቴ ቀስ ብለው። «እሱ አይደለም ያመጣኝ።»