የስንብት ምርቃት

መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ሲግናል ሰፈር ካለችው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተንበርክከው፣ ሟች ልጃቸው የተወችላቸውን ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ጉንጮች በሁለት እጃቸው ያዙ። ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን አጽድቆታል፤ ልጅቷ ከእንግዲህ መኪናው አጠገብ የቆሙት የፈረንጅ ባልና ሚስት ልጅ ናት። ፈረንጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር ተናገረ። «አገሬ ትመስገን፣ ለዚች ልጅ የሚበቃ ሁሉ ሰጥታናለች እያለ ነው፣ አባባ» አለች አስተርጓሚዋ።

«አገሩን አላህ ይጠብቅለት» አሉ ሽማግሌው። ከልባቸው ነበር። የእሳቸው አገር ምን እንደሰጠቻቸው ግን የጠየቃቸው የለም። ወደ ልጅቷ ተመልሰው፣ «እደጊ፣ ተመንደጊ። የሄድሽበት አገር እናት ይሁንሽ» አሉና ግንባሯ ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አሉባት። ፈረንጇ ደንግጣ የልጅቷን ግንባር በሶፍት ጠረገች። አስተርጓሚዋ ጠጋ ብላ ምርቃት መሆኑን በጆሮዋ ስትነግራት የሴትየዋ ፊት ቀላ። ሶፍቱን ልትጥለው አልደፈረችም፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ልጅቷ መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል እጇን አስለቅቃ ሮጣ ተመለሰች። የአያቷን ጉንጮች ልክ እንደ እሳቸው በሁለት እጇ ያዘች። «እደግ፣ አባባ፣ ተመንደግ!» ብላ ባለ በሌለ ምራቋ እንትፍ አለችባቸው።

መኪናው ወደ መገናኛ ታጥፎ ተሰወረ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ፊታቸውን አቀዘቀዘው። ከኋላ የቀረችው አስተርጓሚ መሐረቧን ዘረጋችላቸው።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ። «ራሱ ይድረቅ።»