ሳይነሣ ያደረ ሕመም

በሩ ሲደበደብ ሥርጉት ከአልጋዋ ብድግ አለች። መጀመሪያ ያደረገችው ቀኝ ዐይኗን መዳበስ ነበር። አላበጠም፤ አላነባም። ቀና ስትል በመጋረጃው ዳር የገባውን ፀሐይ አየች። ስልኳን አነሣች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆኗል።

"ሥርጉት! ጓለይ፣ ልጄ! ክፈቺልኝ!"

እንደ እናት "ኣደይ" የምትላቸው አከራይዋ ኣኽበረት ናቸው። ለወትሮው ረጋ ያለው ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

ሮጣ ከፈተች። ኣደይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሰላምታ እንኳ ሳያቀርቡ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"አለሽ?"

"አለሁ፤ ምነው ኣደይ?"

"ያ ነገር ዛሬ አልመጣም?"

ሥርጉት ስትናገረው ሕመሙ እንዳይመለስባት ፈራች። "አልመጣም" አለች። "ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።"

ይህን ቃል ከተናገረች አምስት ሳምንት አልፏታል። ከደሴ መጥታ እዚህ ዩኒቨርሲቲ በቤተ ሙከራ ሠራተኛነት ከተቀጠረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሕመሙ ግን ይሄ ክረምት እንደ ወጣ ነው የጀመራት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሳያዛንፍ ይመጣል። ከቀኝ ዐይኗ ጀርባ የጋለ ብረት የሚሰኩባት ይመስላታል፤ አንድ ዐይኗ ብቻ ያለቅሳል፤ መተኛት ቀርቶ መቀመጥ አትችልም። መሸ ሲባል ትፈራ ጀመር። ሥራዋን ትታ አገሯ ልትገባ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሳ ነበር።

በመጀመሪያው ሌሊት ጩኸቷን ሰምተው የወጡት ኣደይ ናቸው። ክርኗን ያዙና ግቢውን አብረዋት ዞሩ፤ ሕመሙ እስኪለቃት ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ሳትጠራቸው ይመጣሉ፤ አንድም ሌሊት አልቀሩም።

ሐኪሙ "ክላስተር የሚባል ራስ ምታት ነው" ብሎ ከሌላው መድኃኒቷ ጋር ሜላቶኒን የሚባል የእንቅልፍ ክኒን አዘዘላት። ከመኝታ በፊት የሚዋጥ ነው። "የተነሣውን ሕመም አያቆምልሽም" አላት፤ "ሌሊት እንዳይነሣ ነው የምንሞክረው። ሁሉን ሰው አይረዳም፤ ግን እንሞክር።" የዞረችባቸው ፋርማሲዎች አልነበራቸውም። አብሯት የሚሠራው ሥዩም ለስብሰባ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ጠርሙሱ እንዳይሰበር በካልሲው ጠቅልሎ አመጣላት። ሳምንት ዋጠች፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ሁለት ሌሊት ሕመሙ ደከም ብሎ፣ ዘግይቶ መጣ። ዛሬ ሌሊት ደግሞ ጭራሽ ቀረ።

"እርስዎ ግን ለምን እንዲህ ደነገጡ?" አለች።

"እንደ ልማዴ ሰባት ሰዓት ተነሣሁ" አሉ ኣደይ። "ደጅሽ ቆምሁ። ድምፅ የለም። ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። ምንም! ያን ጊዜ እዚሁ ደጅሽ ላይ ዘጭ ብዬ ቁጭ አልሁ።"

"እስከ አሁን? በዚህ ብርድ? ምነው ባንኳኩ!"

"እንዴት ላንኳኳ? ተኝተሽ እንደሆነ፣ ስንት ቀን የለመንሽውን እንቅልፍ ላበላሽብሽ ነው? ሞተሽ እንደሆነ ደግሞ..." በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። "በጦርነቱ ስልክ በተቋረጠ ጊዜ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ሰው ዝም ሲል ደግ አይመስለኝም፣ ጓለይ። ፀሐይ ስትወጣ ግን አላስቻለኝም።"

ሥርጉት ልታመሰግናቸው አሰበች። "እግዜር ይስጥልኝ" ለዚህ አነሰባት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ክርናቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸውና ገና ያልቀዘቀዘው አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"ኧረ ሥራሽ ይረፍድብሻል!"

"ይርፈድ። ትንሽ ጋደም ይበሉ።"

"አይሆንም፣ እኔ ቀን እንቅልፍ..." እያሉ ጋደም አሉ። ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ድረስ ስባ ሳትጨርስ ትንፋሻቸው ረዘመ።

ልክ ያኔ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ብረት መቁረጫ ማሽን ጮኸ። ሥርጉት በሌሊት ልብሷ ወደ ውጭ ሮጠች። ብረት ሠሪው ጎረቤቷ ኣንዶም ለጀመረው መስኮት ብረት ሊቆርጥ አጎንብሷል። ሲያያት የዐይን መከላከያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ቀና አለ።

"ደሐን ነሽ? አመመሽ እንዴ?"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ኣደይ ተኝተዋል" አለች በሹክሹክታ።

ኣንዶም ማሽኑን አጠፋ። ብረቱንም እንዳይንኳኳ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው።