የዓርብ ዋስ

ኑ ልጆቼ፣ አረፍ በሉና ስሙኝ።

ወይንሸት ስንቱን ደጅ ጠንታ የገንዘብ ያዥነት ሥራ አገኘች። የቀራት ደመወዝተኛ ዋስ ነበር፤ እስከ ዓርብ ካላቀረበች ቦታው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው።

«አባዬ፣ ከመሥሪያ ቤትህ የዋስትናውን ደብዳቤ አጻፍክልኝ?»

«ነገ፣ የኔ ልጅ። ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው።»

ዓርብ ቢጨንቃት መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሮጠች። አባቷን ብትጠይቀው ዘበኛው ደነገጠ።

«ልጄ፣ እሳቸው እኮ ከሥራ ከተቀነሱ ዓመት አለፋቸው!»

ዋስ ሳታገኝ ቀኑ መሸ። ማታ አባቷ አንገቱን ደፍቶ ገባ። «ዛሬም አለቃዬን...» ብሎ ሳይጨርስ፣

«ተወው አባዬ፣ ሌላ ዋስ አግኝቻለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ምሳቸውን ቋጥረው ወጡ። መንታ መንገዱ ላይ «መልካም ሥራ» ተባብለው ተለያዩ።

የት ዋሉ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ብቻ አደራ፣ አስቧቸው።